«በርቺ» እና «አይዞሽ»

በቋንቋችን ለደከመ ሰው የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «በርታ»፣ ሁለተኛው «አይዞህ» ነው። ሁለቱም ከቅን ልብ የሚወጡ፣ ሁለቱም ለማጽናናት የታሰቡ በመሆናቸው፣ አብዛኛው ሰው ልዩነታቸውን ሳያጤን አንዱን በሌላው ቦታ ሲያውል ይኖራል። እኔም ዕድሜዬ ኀምሳን እስኪሻገር ድረስ ከዚሁ ከአብዛኛው ሰው አንዱ ነበርኩ። በቃላት እንጀራ የበላሁ ሰው ሆኜ ሳለ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት አይደለም። ያስተማረችኝ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የትምህርቱን ዋጋ የከፈለችውም እርሷ እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ይህን ወግ የሚያስጽፈኝም ይኸው ዕዳ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ 19 ዓመት በአራሚነት ሠርቻለሁ። የአራሚ ሥራ ዐይን ያደክማል እንጂ ነፍስ አያስጨንቅም። መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ የተገኘ ስሕተት ቢያሳፍርም እንቅልፍ አይነሣም፤ «እርማት» የምትል አንዲት ቅጠል ትታከልለታለች፣ አለዚያም ሁለተኛውን እትም ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. የማተሚያ ቤቱ ሥራ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን፣ አንድ የማውቀው ወጣት «ስታርትአፕ» ወደሚባለው ዓለም ወሰደኝ። ስታርትአፕ ማለት በጥቂት ሰዎችና በአንድ አዲስ ሐሳብ ተነሥቶ፣ ገና ትርፍ ሳያይ በባለሀብቶች ገንዘብ እየኖረ፣ ያ ገንዘብ ከማለቁ በፊት በፍጥነት ለማደግ የሚጣጣር የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው። የእኛው ድርጅት ሸቀጥን ከሱቅ ወደ ቤት ያደርስ ነበር። ደንበኛው በእጅ ስልኩ ያዛል፤ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ያደርሳል፤ በመካከል ያለውን ሁሉ የሚያስተሳስረው የእኛ ፕሮግራም ነው። የእኔ ድርሻ በስልኩ መስኮት ላይ የሚነበበውን ዐማርኛ መጻፍና፣ ቅሬታ ያለው ሰው ሲደውል ማነጋገር ነበር።

ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን እንሠራ ነበር። ከሁላችንም የዕድሜ ባለጸጋው እኔ በመሆኔ ሁሉም «ጋሼ» ይሉኛል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ 29 ዓመቱ ነበር። ገና በገባሁ በሳምንቴ፣ «ጋሼ፣ ለግድግዳችን አንድ የሚያበረታታ ቃል ይጻፉልን» አለኝ። ሦስት ቀን አስቤበት «የማይዝል ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። በትልልቅ ፊደል ተሠርቶ ከበሩ ትይዩ ተሰቀለ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቍጥር ቀና ብዬ ሳላየው አላልፍም ነበር።

በማተሚያ ቤቱና በዚህ አዲስ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። የታተመ ስሕተት ሊታረም አይችልምና ሰውን ያሳርፈዋል። በስልክ መስኮት ላይ ያለ ስሕተት ግን በማናቸውም ደቂቃ ሊታረም ይችላል፤ በማናቸውም ደቂቃ ሊታረም ስለሚችልም፣ በማናቸውም ደቂቃ መታረም አለበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ቢቆም፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚነቃ ሰው ሊኖር ግድ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሥራን ቀን የሚዘጋ ደወል አልነበረም። ሥራው ቤታችን ድረስ በኪሳችን ይከተለናል፤ ከትራሳችን ሥር ያድራል፤ በለቅሶ ቤትም ሆነ በሠርግ ቤት ይንቀጠቀጣል።

ጭንቀቱን የሚያባብሱ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። ፕሮግራሙ የሚያድርበትን ሰርቨር የተከራየነው ከውጭ አገር ኩባንያ ስለነበር፣ ኪራዩ በየወሩ በዶላር ይከፈላል። ለዚህ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ማግኘት ለእንደኛ ዐይነቱ ትንሽ ድርጅት የማይታሰብ ስለነበር፣ የሥራ አስኪያጁ ታላቅ ወንድም በአሜሪካ በሜሪላንድ ሆኖ በራሱ ካርድ ይከፍልልን ነበር። ወንድምየው አንድ ወር ቢዘነጋ የዘጠኝ ሰው እንጀራ ይቆማል ማለት ነው። ገንዘባቸውን ካዋሉት ሰዎች አንዱ ደግሞ የሚኖረው በካሊፎርኒያ ነው። እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናልና፣ የእርሱ ቀን ሲጀመር የእኛ ቀን እንደገና ይጀመራል። ከሁሉ ይልቅ በልባችን ላይ ተጭኖ ይኖር የነበረው ግን አንድ የማይነገር ቍጥር ነው። በባንክ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ደመወዝ እንደሚበቃ የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር፤ እኛ ጠዋት ሲገባ ከፊቱ ላይ ለማንበብ እንሞክራለን።

ሰርቨሩን የምትጠብቀው ወጣት 25 ዓመቷ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋን እንደምትወድ ለማወቅ አጠገቧ መቀመጥ ይበቃል። ጠፍቶባት የነበረው ስሕተት ሲገኝ፣ አጥቢያዋ ኮከብ የታየቻት ያህል ፊቷ ይበራል። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ! ይቺ አንዲት ነጥብ ናት ሁለት ቀን ያለቀሰችብኝ» ትለኛለች። እኔም በ19 ዓመት የአራሚነት ሥራዬ በአንዲት ነጥብ የተነሣ ምን ሊመጣ እንደሚችል የማውቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ደስታዋ ይገባኝ ነበር። ወዳጅነታችንም ከዚያ የመጣ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ሰው ከቤቱ መውጣትን ፈራና ትእዛዙ በረከተ። ለጥቂት ሰው ታስቦ የተሠራው ፕሮግራም የብዙ ሰው ሸክም ተጫነበትና በየቀኑ ይወድቅ ጀመር። በወደቀ ቍጥር የምታነሣው እርሷ ናት። በመስኮቱ ላይ ለደንበኛው የሚታየው ዐማርኛ ደግሞ የእኔ ነው፤ «ስሕተት ተፈጥሯል። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ይላል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ አጭርና ትሑት መሰለችኝ። በኋላ ግን ስመለከታት ማን እንደ ተሳሳተ የማትናገር፣ ሸክሙን ለማን እንደምትሰጥ ግን በሚገባ የምታውቅ ዐረፍተ ነገር ሆና አገኘኋት።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ሳይመለስ ቆየ። ሥራችን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነበርና እንደ ቆመ ሰዓት ጸጥ አልን። ሞተረኞቹ ከቢሮው በታች ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ስልካቸውን ይዘው፣ ምንም የማይመጣበትን መስኮት እያዩ ይውላሉ። በአገር ላይ ከደረሰው ኀዘንና ከጠፋው የሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር የአንድ ትንሽ ድርጅት ችግር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። እኛም ይህንኑ እያልን፣ «ሰው ሞቶ የእኛ ምን ችግር ነው» እየተባባልን የየራሳችንን ጭንቀት ዋጥነው። የሌላው መከራ ከእኛ የሚበልጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የተዋጠ ጭንቀት በዚህ ምክንያት አይሟሟም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ትእዛዙ እንደ ክረምት ጐርፍ ገባ። ልጅቱ ሁለት ሌሊት ከቢሮ ሳትወጣ አደረች። በሁለተኛው ምሽት ወደ ቤቴ ልሄድ ስል አንድ ብርጭቆ ሻይ ገዝቼ ከፊቷ አኖርኩላትና «በርቺ ልጄ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ «እሺ ጋሼ» አለች። ሄድኩ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በሁላችንም ፊት አመሰገናት፤ ጣቱንም ወደ ግድግዳው ቀስሮ፣ «የማይዝል ይደርሳል ማለት ይህ ነው!» አለ። እኔም ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ የታዩት ምልክቶች ዛሬ ሳስታውሳቸው እንደ ፀሐይ ግልጽ ናቸው። ምሳዋን ከፍታ ሳትነካው ትመልሰዋለች። ዐርፋ በመጣችበት ሰኞ እንኳ ዐርብ ማታ የነበራት ድካም ከፊቷ አይለቅም። ቀድሞ «ሰዎቹ» ትላቸው የነበሩትን ደንበኞች «ቍጥሮቹ» ማለት ጀመረች። ስሕተት ስታገኝ አትጠራኝም፤ «ይቺን ማንም ያገኛታል» ትላለች። እኔ ይህን ሁሉ አየሁ፤ ባየሁም ቍጥር ያችኑ አንዲት ቃል ሰጠኋት።

በነሐሴ ወር አንድ ማለዳ ከመገናኛ ወደ ቢሮ የሚያመጣትን ታክሲ ተሳፈረች፤ መውረጃዋ ሲደርስ ግን አልወረደችም። መጨረሻው ድረስ ሄደች፤ በዚያው ታክሲ ተመለሰች፤ እንደገናም መውረጃዋን አልፋ ሄደች። በሦስተኛው ረዳቱ «እኅቴ፣ የት ነው የምትወርጂው?» ሲላት፣ መልሱን እያወቀችው ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት። ረዳቱ ስልኳን ተቀብሎ ለእናቷ ደወለ። ያን ቀን ሥራ አልገባችም፤ በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልገባችም።

በአሥረኛው ቀን ብርቱካንና ሙዝ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ቡና አቀራርበው ነበር። ልጅቱ ጋቢ ተከናንባ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከሰላምታ በኋላ፣ እንደ ልማዴ፣ «ያልፋል ልጄ፤ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፤ በርቺ» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ» አልኳት።

«‹በርቺ› ባሉኝ ቍጥር ብቻዬን መሆኔ ይበልጥ ይታወቀኝ ነበር። ሻይ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ‹በርቺ› ይሉኛል፤ ከዚያ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ጠንካራ ናት ተብያለሁና ‹አልቻልኩም› ለማለት አልችልም። ያ በግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍማ... ሌሊት ብቻዬን ስሆን የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።»

መልስ አጣሁ። እናቷ ከረከቦቱ ተነሥተው ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ከጋቢው በላይ በትከሻዋ ላይ አድርገው፣ «አይዞሽ፤ እኔ አለሁ» አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በዚያች ቅጽበት ኀምሳ ዓመት ሙሉ ስሰማቸውና ስናገራቸው የኖርኩት ሁለት ቃላት ለየብቻ ቆመው ታዩኝ። «በርታ» ትእዛዝ ነው፤ ኀይሉን ከየት እንደምታመጣው ለአንተ ይተውልሃል። «አይዞህ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ «አለሁልህ» የሚል ጓደኛ አለው። «በርታ» ብሎ መሄድ ይቻላል። «አይዞህ፣ አለሁልህ» ብሎ መሄድ ግን ነውር ነው።

ቤቴ ገብቼ ሳድር ኅሊናዬ አላስተኛኝም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብኩ። እንግዳ ነገር የደረሰብን ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ስም ወጥቶለት ከተጠና ዘመናት ተቈጥረዋል። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ ቀን በራሱ ክሊኒክ ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ማታ በነጻ ሕክምና በሚሰጥበት ሌላ ክሊኒክ እስከ ሌሊት ያገለግል ነበር። በዚያ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች፣ እርሱም ራሱ ጭምር፣ በአንድ ዐይነት ዝለት ሲያዙ አይቶ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሁኔታ «ተቃጥሎ ማለቅ» የሚል ስም ሰጥቶ ጻፈበት። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ የታየው በሰነፎች ላይ አይደለም፤ ሥራቸውን በሚወዱት ላይ ነው።

ክርስቲና ማስላክ የተባለችው ተመራማሪ ደግሞ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆና በ1981 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዝለት የመለኪያ መጠይቅ አዘጋጀች። የዓለም ጤና ድርጅትም በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት ነው ብሎ ሦስት መልኮቹን ዘርዝሯል። አንደኛው አቅም ተሟጦ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ልብ ከሥራውና ከሰዎቹ መሸሽ ነው። ሦስተኛው «የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት ነው። ይህን ሳነብ ያልተበላው ምሳ፣ «ቍጥሮቹ» የምትለዋ ቃል፣ «ይቺን ማንም ያገኛታል» የምትለዋም ዐረፍተ ነገር በየተራ ከፊቴ ቆሙ። ሦስቱንም አይቻቸው ነበር፤ ማንበብ አላወቅሁበትም እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የሮበርት ካራሴክ ሐሳብ ነው። ይህ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰውን የሚጐዳው የሥራ ብዛት ብቻ አለመሆኑን አመለከተ። ሥራው በዝቶ ሳለ፣ እንዴትና መቼ እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣን ለሠራተኛው ሲነፈገው ነው ጭንቀቱ የሚከፋው። በ1988 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ጆንሰንና ኤለን ሆል በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት፤ ይኸውም የሥራ ባልደረቦች ድጋፍ ነው። ሥራ በዝቶበት፣ መወሰን ተከልክሎ፣ ብቻውን የቀረ ሰው ከሁሉ የባሰው ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው። የእኛዋ ልጅ ሌሊት ብቻዋን ስትነቃ፣ ፕሮግራሙ የሚወድቅበትን ሰዓት አትመርጥም፤ አዲስ ነገር የሚጨመርበትን ቀን አትወስንም፤ የባንኩን ቍጥር አታውቅም። እኛ ግን የጐደላት ብርታት ነው ብለን አመንን።

«ታዲያ ጽናት የሚባል ነገር የለም ወይ?» ሊባል ይችላል። አለ። ግን መኖሪያው የት እንደሆነ ተሳስተናል። ኤሚ ወርነር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ከሩት ስሚዝ ጋር፣ በሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለብዙ ዐሥርታት ተከታትላለች። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል ጤነኛና ብቁ ሰው ሆኖ አደገ። በእነዚህ ልጆች ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የተገኘው አንዱ ነገር፣ አያትም ሆነ መምህር ወይም ጎረቤት፣ በጽኑ የሚያስብላቸው ቢያንስ አንድ ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ ጽናት በአንድ ሰው ውስጥ ብቻ እንደ ድንጋይ ተቀብሮ የሚገኝ ነገር አይደለም። ብዙው ድርሻው በሰዎች መካከል ነው የሚያድረው።

ለዚህማ ካዋይ ድረስ መሄድ አያሻኝም ነበር። በልጅነቴ በጎጃም በአባቴ ማሳ ላይ የአጨዳ ደቦ ሲወጣ አይቻለሁ። አጫጆቹ ተሰልፈው እየዘፈኑ ያጭዳሉ። አንዱ ማጭዱ ሲዶለዱም ወይም ወገቡ ሲያቅተው ወደ ዳር ይወጣል፤ ጠላውን ይጎነጫል፤ ማጭዱን ይስላል። በዚህ ጊዜ ከቀኙና ከግራው ያሉት ሰዎች የእርሱን ድርሻ ተካፍለው እያጨዱ ያልፋሉ እንጂ፣ «በርታ» ብለው ጥለውት አይሄዱም። ዳር የወጣውም አያፍርም፤ ነገ በሌላው ማሳ ተራው የሌላው እንደሚሆን ያውቃልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረታችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ግን ሃምሳውን ሎሚ በአንዲት ልጅ ላይ ጭነን፣ ሳትወድቅ በመቆየቷ እናጨበጭብላት ነበር።

ቢሮ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ አልተከራከረኝም። በሩን ዘጋና፣ «ጋሼ፣ እኔም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ተኝቼ አላውቅም» አለኝ። የባንኩ ቍጥር አምስት ወር መሆኑን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ቍጥሩን ብቻውን ተሸክሞ ከርሟል፤ እኛም ባለማወቃችን፣ በልባችን አንድ ወር ብቻ እንደቀረው ገምተን ስንጨነቅ ከርመናል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ታላቅ አይደለም። የሌሊቱን ጥበቃ በተራ አደረግነው፤ በየሌሊቱ ሁለት ሰው ይመደባል፤ ሌሊቱን የሠራ ሰው በማግስቱ እስከ ቀትር ይተኛል። ዐርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር በፕሮግራሙ ላይ መጨመር ተከለከለ፤ ዐርብ የተጨመረ ነገር ቅዳሜ ሌሊት ይወድቃልና። በወሩ መጀመሪያ የባንኩ ቍጥር ለሁሉም ይነገራል። ዐርብ ዐርብ ቡና ይፈላል፤ በዚያ ላይ የተበላሸ ነገር ይወራል፣ «ማን አበላሸው?» ግን አይባልም። እኔም መስኮቱ ላይ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ለወጥኳት፤ «ትእዛዝዎ አልጠፋም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ እየሠራንበት ነው፤ እንደውልልዎታለን።» የምትል ሆነች። የስድብ ስልክ ጋብ እንዳለልን አስታውሳለሁ። የግድግዳውን ጽሑፍ ራሴ ከወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፤ በምትኩ የሰቀልኩት ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ክርክር ሊነሣ ይችላል። አዲስ ድርጅት ያለ ትጋት አይቆምም፤ ወጣትነት ደግሞ የመትጋት ዕድሜ ነው። ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ወጣት ብዙ በሆነበት አገር፣ ሥራ ስላገኘ ሰው ድካም መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የትጋትን ደስታ እኔም አልክድም፤ በልጅቱ ፊት ላይ ሲበራ አይቼዋለሁ። ሳላነሣው የማላልፈው ግን ያ ደስታ ራሱ ሰውን አሳልፎ ሊሰጥ መቻሉን ነው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው «በቃኝ» የሚለውን ቃል ዘግይቶ ነው የሚያገኘው። ሕጉ ይህን የተገነዘበ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የትርፍ ሰዓቱንም በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ይወስነዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር መታወክ የመመታትን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ይጨምራል። የዚያችን የሐምሌ ሳምንት ሰዓቶቿን አንድ ቀን ከልጅቱ ጋር ሆነን ደመርናቸው፤ 91 ሆኑ።

ልጅቱ ሐኪም አይታ፣ ሁለት ወር ዐርፋ ተመለሰች። ስትመለስ የቀድሞዋ አልነበረችም፤ እንደ ቀድሞዋ ብትሆን ኖሮ ያሳዝነኝ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሯን ዘግታ ትነሣለች፤ ተራዋ ካልሆነ ስልኳን ታጠፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ስትነሣ ዙሪያዋን በፍርሃት ትቃኝ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ እንደማያያት ስታረጋግጥ ፍርሃቱ ለቀቃት። አንድ ቀን በነሐሴ የጠፋውን ድምፅ ሰማሁት፤ «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ!»

መጨረሻውን ላሳምረው ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን መጻፍ ይሻላል። ድርጅቱ አልዘለቀም። በ2015 ዓ.ም. ገንዘብ የሚጨምርልን ባለሀብት ታጣና ተዘጋ። የዛሉም ያልዛሉም እኩል ከሥራ ወጡ። የግድግዳዬ ጽሑፍ በዚህም ሐሰት ሆነ። ነገር ግን መዘጋቱ በድንገት አልመጣብንም፤ ቍጥሩን በየወሩ እንሰማ ስለነበር እያንዳንዱ ሰው መንገዱን አስቀድሞ አየ። ዘጠኛችንም በእግራችን ነው የወጣነው። አንድ ድርጅት ሲሞት ሠራተኞቹ አብረውት ካልሞቱ፣ ይህም ከድል ሊቈጠር ይገባዋል እላለሁ።

ከዘጠኙ መካከል አዲስ ሥራ ለማግኘት የተቸገርኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ማተሚያ ቤቱም አራሚ አይፈልግም። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ልጅቱ ናት፤ በአንድ እጇ ያልተቈላ ቡና በላስቲክ፣ በሌላው እጇ ኮምፒውተሯን ይዛለች። አዲስ የገባችበት ድርጅት ዐማርኛውን የሚያቃናለት ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። የሥራ ማመልከቻ በኮምፒውተር መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቃለችና፣ ባለቤቴ ቡናውን እስክትቈላ ድረስ አብራኝ ልትጽፍ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀበለኛል ብለሽ ነው?» አልኳት።

ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ «አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ፤ ወንበሯንም ወደ እኔ ሳብ አደረገች።